በሦስት ቤት የተከፈለ ጠመንጃ

አሶሳ ሄጄ ግድቡን አላየሁም። ግድቡ ከከተማው ሩቅ ነው ብዬ ለዘመዶቼ ሳስረዳ «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ይሉኛል። ወርቅ ይዤ አለመመለሴም አስቀይሟቸዋል። የሄድኩት አንድ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ የማን ሥራ እንደሆነ ለማንበብ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ስለይ፣ ስጠርግና በብረቱ ላይ የተመታውን ምልክት ስፈታ ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰው ይጠራኛል፤ እኔም መጠራቱን እወዳለሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ ምክንያቱ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ማክሰኞ

ድሮ ቢሆን በወለጋ በኩል በአውቶቡስ፣ መንገድ ላይ እያደርኩ እሄድ ነበር። አሁን ያንን መንገድ ለሽማግሌ የሚመክር ሰው ስላጣሁ እንደ ባለሥልጣን በአውሮፕላን ሄድኩ። ቦሌ ላይ ፈታሿ ቦርሳዬን ከፍታ ካቻቢቴዎቼን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ለጠመንጃ ብሎን እንዲሆኑ በገዛ እጄ የሞረድኳቸው ናቸው፤ የትም አይገዙም። «አባባ፣ ይሄ ወደ ውስጥ አይገባም» አለች። «ልጄ፣ አውሮፕላኑን አልፈታው» ብላትም አልሳቀችም። ከሥራ ዕቃዬ ማጉያ መነጽሬንና የጥርስ ብሩሼን ብቻ ይዤ ተሳፈርኩ።

አሶሳ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ በዚህ ወር ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነባል። የጠራኝ ሰው፣ ሐሚድ፣ ከበሩ ውጭ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ይጠብቀኝ ነበር። ረዥም፣ ቀጥ ያለ፣ ማንጎ በመነገድ የሚታወቅ ሽማግሌ ነው። «ኡስታዝ! መጣህ? ደህና ገባህ? ቤት ሰላም? ልጆች ሰላም?» አለና እጄን ይዞ አልለቀቀም። እኛ ዘንድ ሽበት ያለውን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን «አንተ» የሚል የለም፤ አሶሳ ግን «እርስዎ» የሚባለው ቃል ገበያ አልወጣም። ትንሽ ከፋኝ፤ በኋላ ለመድኩት።

ፔንሲዮን ይዤ ነበር። ሐሚድ ግን ሻንጣዬን ከባጃጁ ሳያወርድ ወደ ቤቱ አስነዳው። «እንግዳዬ አልጋ ተከራይቶ ካደረ ሰው እኔን ምን ይላል?» አለኝ። የራሱን አልጋ ከነአጎበሩ ለቀቀልኝና እርሱ ደጅ፣ ማንጎው ሥር፣ የቀርከሃ አልጋ አነጠፈ። ራት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ነበር። የኛ ገንፎ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ይሄኛው እየተቆረሰ ያ የሚያሙለጨልጭ ወጥ ውስጥ ይነከራል። የመጀመሪያው ጉርሻ ከእጄ አምልጦ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ ሐሚድ አይቶ እንዳላየ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳቀና «ግድቡ እኛ ጋ ነው፤ መብራቱ ገና መንገድ ላይ ነው» አለ።

ታሪኩን የነገረኝ በዚያው ማዕድ ላይ ነው። አባታቸው የታወቀ አዳኝ ነበሩ። ጠመንጃውን ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን በኩል፣ የመጣ አንድ ነጋዴ ሰጣቸው። ሊሞቱ ሲሉ ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው መሣሪያውን በገዛ እጃቸው ፈቱትና አካፈሏቸው፦ ሰደፉን በርሜሉ ከሚገጥምበት ከብረት ወገቡ ጋር ለታላቁ ለሐሚድ፣ ከበርሜሉ ሥር የሚገባውን የእጅ መያዣ እንጨት ለመካከለኛው ለአልአሚን፣ በርሜሎቹን ለታናሹ ለሃሩን። «አንድ ስትሆኑ አንድ ይሆናል፤ ስትጣሉ ግን አንዳችሁም ሌላውን አትተኩሱበትም» አሉ። እኛ ዘንድ የአባት ጠመንጃ የታላቁ ነው፤ የቀሩት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያኮርፋሉ። የእኚህ ሰውዬ ብልሃት ስለገረመኝ «ለጠመንጃ ሲሶ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅህ የለም» ብዬ ቀለድኩ።

ሐሚድ አልሳቀም። አባታቸው በሞቱ በዓመቱ፣ በመታሰቢያቸው ቀን፣ ሦስቱም ድርሻቸውን ይዘው መጡና ገጣጠሙት። ጠመንጃው ተንገዳገደ። ወገቡ ላይ አልገጥም አለ። አባትየው ደግሞ ሲሞቱ «ወላሂ፣ ከአንድ እጅ ሙሉውን ተቀበልኩ» ብለው ምለዋል። እንግዲያው አንዱ ልጅ ድርሻውን ለውጧል ማለት ነው። ሃሩን በዚያው ሰሞን ሱዳን ደርሶ ተመልሶ ነበር። «በርሜሉን ሸጦ ሌላ ተካበት» አለ ሐሚድ፣ እንደተረጋገጠ ነገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሃሩን ጋር ከአንድ ሳህን በልቶ አያውቅም። አሁን ግን አርጅቷል፤ ሳይሞት ነገሩ እንዲለይለት ይፈልጋል። ሦስቱም ወንድማማቾች የእኔን ዳኝነት ለመቀበል ቃል ገብተዋል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ባለበት እንድናገር ተቀጥሯል።

ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዳኝነት ማን ያገኛል?

ረቡዕ

ካቻቢቴ ስለሌለኝ ጠዋት ሐሚድ አንድ ሞተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰደኝ። ልጁ አሮጌ ካቻቢቴ በሞተር ድንጋይ አሹሎ እኔ ካጣሁት የማይተናነስ ሠራልኝ፤ ዋጋ አልቀበልም ብሎም ከርከዴ፣ ያንን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ጋበዘኝ። ይኼን ለቦሌዋ ልጅ ባሳየኋት አልኩ።

ሐሚድ ድርሻውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ስፈታው ደነገጥኩ። ብረቱን እንዳይዝግ ብሎ በየዓመቱ የሰሊጥ ዘይት ሲቀባው ኖሯል፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ሰደፉ የቀለጠ ከረሜላ መስሏል። አገሩ የሰሊጥ አገር ነው፤ የተወደደ ነገር ሁሉ በሰሊጥ ይታሻል። በጋዝና በጥርስ ብሩሼ ስፈገፍግ ረፈደ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። የጠመንጃ ስም ከላይ የተጻፈው አይደለም። ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ የሻጩ ስም ነው፤ ሻጭ ደግሞ የፈለገውን ያስጽፋል። የሠሪው ምልክት የሚገኘው ከበርሜሉ ሥር፣ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል ነው። ደህና ሠሪ ሦስቱም ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል፤ በርሜሉ፣ እንጨቱና ወገቡ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው በዚያ ይታወቃል። የሐሚድ ወገብ ላይ ቁጥሩ ወጣልኝ። ሌላም ነገር አየሁ። በርሜሉ የሚቀመጥበት ቦታ በሞረድ ተበልቷል፤ በሞረዱ ጠባሳ አጠገብ አረንጓዴ ዝገት አለ። አረንጓዴ የሚዝገው ናስ ነው። እዚያ ቦታ ግን ናስ አልነበረም። ሐሚድ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ሐኪም በሽተኛውን ሙሉውን ሳያይ መድኃኒት አያዝም» አልኩት።

ከሰዓት በሚኒባስ ባምባሲ፣ አልአሚን ዘንድ፣ ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከሞጃ እስከ መሐል ሜዳ ካለው የኛ መንገድ ጋር ሳስተያየው ቀናሁ። አልአሚን ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ በሁለቱ ወንድሞቹ መካከል ሲላላክ ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱ የወለጋ ሰው ናት። ከበር «ኮቱ፣ ኮቱ» ብላ አስገባችኝና ሳልቀመጥ ወተት ሰጠችኝ። ያን የእጅ መያዣ እንጨት ከእህል ጎታ ውስጥ አወጣው። ነቀዝ በልቶት ወንፊት አክሏል፤ ብረቱ ግን ደህና ነው። ቁጥሩን በማጉያው አየሁት። ከሐሚድ ጋር አንድ አይደለም።

ፊቴን አይቶ ገባው መሰል አልአሚን ዝቅ ባለ ድምፅ «ኡስታዝ፣ እኔ ጠመንጃ አልፈልግም። አንድ እናት ነው የወለደን። አብሮ መብላት ብቻ ነው የምፈልግ» አለኝ። ወደ አሶሳ ስመለስ ነገሩን አሰላሁት፦ ከሐሚድና ከአልአሚን አንዱ ድርሻውን ለውጧል። ከሁለቱ አንዱ የእኔ አስተናጋጅ ነው፤ ትናንት አልጋውን ለቆልኛል።

ሐሙስ

መንጌ፣ ሃሩን ዘንድ፣ የሄድኩት በሞተር ሳይክል ነው። አቧራው ቀይ ነው፤ አፌ ውስጥ ገብቶ ምሳዬን ቀደመ። አንድ ወንዝ ስንሻገር ሞተሩ አዳለጠውና ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ተቀመጥን። ባለሞተሩ «ማሻአላህ፣ ታጠብን!» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ሃሩን ከወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበ ይኖራል። ቤቱ ቀርከሃ ነው፤ ዕቃ የሚባል ብዙ የለውም። በርሜሎቹን ግን ጣራው ውስጥ፣ ጭስ በሚደርስበት ደረቅ ቦታ፣ በአንድ ወፍራም ቀርከሃ ውስጥ አድርጎ ሰቅሏቸዋል። ሲያወጣቸው እንደ ትናንት ሥራ ናቸው። በአሮጌ ዘዴ ከብረት ክር የተጠማዘዙ፣ ገላቸው ላይ ማዕበል ያለባቸው በርሜሎች ናቸው። ገለበጥኳቸውና መነጽሬን አስጠጋሁ። በፈረስ ኮቴ ውስጥ የቆመች ትንሽ ወፍ።

ጮኽኩ፤ አላፍርም። ሥራ ያስተማረኝ ሰው ያቺን ወፍ በእርሳስ ሥሎ አሳይቶኝ ነበር። የቤልጂግ አገር በርሜል ሠሪ ምልክት ናት፤ ሰውየው ጥቂት ሠርቶ ነው የሞተው። አስተማሪዬ ራሱ በብረት ላይ አይቷት አያውቅም። በስልኬ ከየማዕዘኑ አነሳኋት። ከዚያ ቁጥሩን አየሁ። ከአልአሚን እንጨት ጋር አንድ ነው።

ሃሩን ጎኔ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትላል። «ኡስታዝ፣ የኔ ምን ይላል?» አለኝ። እስከ ዓርብ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ያንተ ሐቀኛ ነው። ይህ በርሜል ከወንድምህ እንጨት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የነካኸው ነገር የለም» አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስቱ ጓዳ ሆና ሰምታ እልል አለች፤ ወዲያው እልልታዋ ለቅሶ ሆነ። ያለቻቸውን አንዲት ዶሮ አረደችልኝ።

ስንበላ ሃሩን እንዲህ አለኝ፦ «ሐሚድ ሠርጌ አልመጣም። ግድ የለም፣ አልኩ። ልጄ ሲሞት ግን ቀብር አልመጣም። የሌባ ልጅ አልቀብርም አለ። ይሄ ነው የቆየብኝ።» እኛ ዘንድ ደመኛ እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ነገ ይህን ሰው ቀና አድርጌው ነው የምሄደው ብዬ ለራሴ ፎከርኩ።

ዓርብ

በግ ታርዷል። ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ሃሩን የታጠበ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣ፤ ትናንት ጎብጦ ያየሁት ሰው ቀጥ ብሏል። ሐሚድ ሰላም አለው፣ ዓይኑን ግን አላየውም። ሦስቱ ድርሻዎች ጨርቅ ላይ ተቀመጡ።

ተናገርኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ከሚገባው በላይ ተናገርኩ፤ ሰው ሲሰማኝ እንዲህ ነኝ። በርሜሉና እንጨቱ አንድ ቁጥር እንዳላቸው፣ የሐሚድ ወገብ የሌላ ጠመንጃ እንደሆነ አሳየሁ። ሐሚድ አመድ መሰለ። «ቆይ» አልኩት፣ «አንተም አልለወጥከውም። ሞረዱ የበላበትን ቦታ እዩ፤ ልስልስ ብሏል። እንዲህ የሚለሰልሰው በርሜሉ ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። አባታችሁ ካካፈሏችሁ ወዲህ ደግሞ ይህ ጠመንጃ አልተተኮሰም፤ እንግዲህ የተሞረደው ከዚያ በፊት ነው።» ከዚያ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አስመጥቼ ቀጭን ቆርቆሮ ቆረጥኩና አረንጓዴው ዝገት ባለበት ቦታ ላይ አስገባሁ። «እዚህ ናስ ነበረ። የሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎችን ክፍሎች እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያያያዛቸው እርሱ ነው። ሲፈታ ወድቆ ጠፍቷል» አልኩና ገጠምኩት። ጠቅ አለ። አልተንገዳገደም። ሰዉ «አላህ!» አለ። ማንም አልሰረቀም፣ ሁላችሁም ንጹሕ ናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲጨበጨብልኝ ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

ማንም አላጨበጨበም። አልአሚን ነው ቀድሞ የተናገረው። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አባቴ ሲሞት ወላሂ ብሏል። ከአንድ እጅ፣ ሙሉውን ብሏል። ዋሽቷል ነው የምትል?»

«ላያውቁ ይችላሉ» አልኩ። «የሰጣቸው ሰው አታልሏቸው ይሆናል።»

«ያንን ጠመንጃ ከአባቴ በቀር ፈትቶ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ ሐሚድ ቀስ ብሎ። «ሲያካፍለንም የፈታው እርሱ ነው። ናሱን አይቷል ማለት ነው። አውቆ ምሏል ማለት ነው።»

ከምንጣፉ ዳር አንድ ሽማግሌ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሰው በሞቱ አፋፍ በአላህ ስም ዋሽቷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ የሚያስረዳኝ አላስፈለገም። ያ ሁሉ ቁጥሬና ማጉያዬ ወዴት እንደሚያደርሰን ከእኔ በቀር ሁሉም ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ሃሩን ተነሣ።

«ኡስታዝ ተሳስቷል» አለ። «አባቴ ሙሉውን ነው የተቀበለ። አባቴ የሰጠኝ በርሜል ሱዳን ሸጫለሁ። ይሄ ሌላ ነው። እኔ ነኝ።»

«ሃሩን፣ ቁጥሩ እኮ...» አልኩ። ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ታይቼ አላውቅም፤ ለምኖኝም ነበር፣ አዝዞኝም ነበር። አልአሚን የራሱን እንጨት ከጠመንጃው ላይ ላጥ አድርጎ ቁጥሩ ያለበትን ወገን ወደ መሬት ገለበጠው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ አላምንም። እኔም ማጉያዬን ኪሴ ከተትኩ።

ሐሚድ አለቀሰ፤ ወንድሙን አቀፈውና «ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። ሃሩን ጎንበስ ብሎ የታላቁን ትከሻ ሳመ። ባልሠራው ሌብነት ይቅርታ ተደረገለት። ሴቶቹ እልል አሉ። የሃሩን ሚስት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እኔን ታየኝ ነበር፤ እልል አላለችም። ሦስቱ ወንድማማቾች ከአንድ ሳህን በሉ። በጉ ጥሩ በግ ነበር ይሉኛል፤ እኔ የቀመስኩት አይመስለኝም።

ከሰዓት፣ ለዐስር ሶላት ሲነሱ ሃሩን በማሰሮ ውኃ ይዞ እጄን ሊያስታጥበኝ መጣ። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አልኩት፣ ተናድጄ። «ንጹሕ ነህ ብዬህ!»

ውኃውን እያፈሰሰ «አንተ ነግረኸኛል፤ ሚስቴ ሰምታለች፤ ለኔ በቃ» አለ። «እኔ ሌባ መባል ለምጄዋለሁ፣ ኡስታዝ። አባቴ አለመደውም።»

ቀጥሎ ስልኬን አውጣ አለኝ። የወፏን ፎቶ፣ የቁጥሮቹን ሁሉ እንዳጠፋ ጠየቀኝ፤ አንድ ቀን ሰው ያያቸዋል ብሎ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኋት ምልክት ናት። ሌላ ሰው ቢለምነኝ አላደርገውም ነበር። አጠገቤ ቆሞ እያየ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። አሁን ለሥራ ባልደረቦቼ ያቺን ወፍ አየኋት ብላቸው የሚያምነኝ የለም፤ ለአንዱ ነግሬው «ሙቀቱ ነው» ብሎኛል።

ቅዳሜ

ሐሚድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኝ። ማንጎ በቅርጫት ሞልቶልኛል፤ ሚስቱ ለባለቤቴ ብላ ሰሊጥ ቋጥራለች። እንደዚያ የሚያከብር ቤት ደግሜ የማገኝ አይመስለኝም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው። መንገዱን ሙሉ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። የሃሩንን ቃል አምኖት እንደሆነ ወይስ እንደ አልአሚን እያወቀ እንደዋጠው ልጠይቀው አሰብኩና ፈራሁ። አምኖት ከሆነ አሳዛኝ ነው። ሳያምነው ይቅር ብሎት ከሆነ ደግሞ ለነገሩ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

በሩ ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን እጄን ይዞ አልለቅ አለ። ፊቱ በርቷል፤ አሥር ዓመት የቀነሰ ይመስላል።

«ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥህ። አንተ ባትመጣ አይናዘዝም ነበር» አለኝ። «እኔም ቂም ይዤ እሞት ነበር። አሁን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቤቱ መሄድ እችላለሁ። ነገ መንጌ ሄጄ የልጁን ለቅሶ እደርሰዋለሁ።»

«ሂድ» አልኩት።